ዳኛውን የዋሸው ማን ነው?

ኦክቶበር 24 ቀን 2004፣ እሑድ ምሽት፣ ናይሮቢ ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው በከፈተው ምግብ ቤት ተሰብስበን የማንቸስተር ዩናይትድንና የአርሰናልን ጨዋታ እንመለከት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አርሰናል ከዚያ ቀን በፊት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 49 ጨዋታዎችን ሳይሸነፍ ተጉዟል። ያን ዕለትም ሳይሸነፍ ቢወጣ ቁጥሩ 50 ይሞላ ነበርና ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት የወዲህና የወዲያ ወገን ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እኔ ከአርሰናል ወገን ነበርኩ።

በ73ኛው ደቂቃ፣ ልክ በዚያን ዕለት 19 ዓመት የሞላው ዌይን ሩኒ ኳስ እየገፋ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ገባ። የአርሰናሉ ተከላካይ ሶል ካምቤል እግሩን ዘረጋ፤ ወዲያውም ሰበሰበው። ሩኒ ወደቀ። የመሀል ዳኛው ማይክ ራይሊ ወደ ነጥቡ አመለከቱ። ሩድ ቫን ኒስትልሮይ መታ፤ አገባም። በመጨረሻ ሩኒ ራሱ ሁለተኛውን ጨምሮ ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ።

እኛ የአርሰናል ወገኖች ያልወረወርነው ክፉ ቃል አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ምስሉን በዝግታ በደገመ ቁጥር ከወንበራችን ተነሥተን "አልነካውም! አልነካውም!" እያልን በጣታችን እናሳይ ነበር። በዚህ መካከል፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ አንድ አዛውንት ከጥጋቸው ሆነው ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "ልጆቼ፣ የአምናውን የፖርትስማውዝን ነገርስ ምን አላችሁት?" ሲሉ ጠየቁን። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልመለስኩም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

የአምናው ነገር እንዲህ ነበር። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2003 አርሰናል በሜዳው በሀይበሪ ፖርትስማውዝን አስተናገደ። እንግዳው ክለብ በቴዲ ሸሪንግሃም ግብ ቀደመ። ከእረፍት በፊት የአርሰናሉ አማካይ ሮቤር ፒሬስ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ከተከላካዩ ከዴያን ስቴፋኖቪች ጋር ተገናኘና ወደቀ። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ቲዬሪ ሄንሪ አስቆጠረ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተለያየ። ምስሉን ያለ ወገንተኝነት ደግሞ የሚያይ ሰው፣ ንክኪውን የፈለገው የፒሬስ እግር እንጂ የተከላካዩ እንዳልነበረ ይፈርዳል። አርሰናል የዚያን ዓመት ሊግ 26 ጊዜ አሸንፎ፣ 12 ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ፈጸመ። የሀይበሪው 1 ለ 1 ከ12ቱ አቻ አንዱ ነው።

እንግዲህ ያ ታላቅ ጉዞ በጅምሩ አንድ ሰው ወድቆ አተረፈው፤ በፍጻሜውም ሌላ ሰው ወድቆ ገደለው። ለሁለተኛው ውድቀት አሁን ድረስ የምናዝን ሰዎች ለመጀመሪያው ያን ዕለት አጨብጭበናል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከራሳችን ቋንቋ መነሣት ይሻላል። በአማርኛ የሜዳው ፊሽካ ነፊና የችሎቱ ፈራጅ የሚጠሩበት ስም አንድ ነው፤ ሁለቱም ዳኛ ናቸው። በቀድሞው ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ ያለ ጠባቂ፣ በገዛ እግራቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ መንገደኛ እንኳ "ዳኘን" ተብሎ ሲለመን ቁጭ ብሎ ነገራቸውን ይሰማ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተሟጋቾቹ በዳኝነቱ ላይ እምነት ስለነበራቸው ነው። የእግር ኳስ ሜዳም በዚሁ እምነት የቆመ ነው። 22 ሰዎች በጉልበትና በፍጥነት እየተላተሙ 90 ደቂቃ የሚቆዩት፣ በመካከላቸው ያለው አንድ ሰው ያየውን እንደሚፈርድ ስለ ተስማሙ ነው።

ከዚህ አንጻር ስንመዝነው፣ ጥፋት መሥራትና አስመስሎ መውደቅ የተለያዩ በደሎች ናቸው። ተጋጣሚውን ጠልፎ የሚጥል ተከላካይ ተጋጣሚውን ይበድላል፤ በግልጽ ይበድላል፤ ዋጋውንም በቅጣት ምት ወይም በካርድ ይከፍላል። አስመስሎ የሚወድቅ አጥቂ ግን ተጋጣሚውን በራሱ እጅ አይነካውም። የሚያስመታው በዳኛው እጅ ነው። በገዛ አካሉ የሐሰት ምስክርነት ይሰጥና ፍርዱን ሌላ ሰው እንዲፈጽምለት ያደርጋል። ስታዲየሙ ሙሉ ሰው በማግሥቱ የሚሰድበውም ምስክሩን ሳይሆን ዳኛውን ነው።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ተጫዋች "ቲያትር ሠራ" እንለዋለን። ቲያትርን ማማት ነው። የመድረክ ተዋናይ ሲሞት ተመልካቹ እንዳልሞተ ያውቃል፤ ትኬት የገዛውም ያንን አውቆ ነው። ውሸቱ በስምምነት ነውና ውሸት አይባልም። የሜዳው ወዳቂ ግን ሥራው የሚሠምርለት ማንም ሳያውቅበት ሲቀር ብቻ ነው። በትወና ሚዛን እንኳ ቢታይ ሥራው ደካማ ነው። እግሩን በእርግጥ የተመታ ሰው ሲወድቅ እጆቹ ሳያዛቸው ወደ መሬት ይሮጣሉ፤ ፊቱንና ደረቱን ሊያድኑ ነው። አስመሳዩ ግን ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ደረቱን ይነፋል፤ ጉልበቶቹን አጥፎ እግሮቹን ወደ ኋላ ይጥላል። መሬት ሳይደርስም ዓይኑ ዳኛውን ይፈልጋል። ያ አወዳደቅ ሰውነትን ለማዳን አይደለም፤ ለመታየት ነው።

ነገር ግን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የተከሳሹን ጠበቃም መስማት አለብን። የእርሱም ሙግት ቀላል አይደለም። "ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር" ይላል፤ የተጫዋች አንደበቱ ደግሞ አካሉ ነው። ተመትቶ ሳይወድቅ የቀረ አጥቂ ምን አገኘ? በዚያው በኦክቶበር 2004 ጨዋታ የአርሰናሉን ሆሴ አንቶኒዮ ሬየስን የኔቪል ወንድማማቾች እየተፈራረቁ ሲመቱት አይተናል፤ የደረሰበት ምት ያህል ፊሽካ አልተነፋለትም። ተደናቅፎ ግን ላለመውደቅ እየታገለ ሩጫውን የቀጠለ ሰው ኳሱን ከተቀማ፣ ዳኛው "ቆሞ ነበር" ብሎ ያልፈዋል። በ2011 የወጣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት የ60 ጨዋታዎችን ምስል መርምሮ፣ አስመሳይ ተብለው ከተለዩት ውድቀቶች ለአንዱም እንኳ ቅጣት እንዳልተሰጠ አሳይቷል። ታዲያ እውነት ለሚናገር ሰው ዋጋ የማይከፍል፣ የሚዋሸውን ደግሞ የማይቀጣ ችሎት ሐሰተኛ ምስክር ቢበዛበት ማን ይደነቃል?

ሙግቱ እውነት አለው። የሚያሳየው ግን ዳኝነቱ መውደቅን እንደሚያስተምር ነው፤ ውሸቱን እውነት አያደርገውም። መቆምም ሞኝነት ብቻ እንዳልሆነ የሚመሰክር ጨዋታ አለ። ጁን 22 ቀን 1986 በሜክሲኮ ሲቲው አዝቴካ ስታዲየም አርጀንቲና ከእንግሊዝ ጋር ስትጫወት ዲዬጎ ማራዶና በ51ኛው ደቂቃ በእጁ ግብ አገባ፤ ዳኛው ቱኒዚያዊው አሊ ቢን ናስር አላዩምና አጸደቁት። ከአራት ደቂቃ በኋላ ያው ሰው ከራሱ የሜዳ ክፍል ተነሥቶ፣ እንግሊዛውያኑን አንድ በአንድ አልፎ፣ በረኛውን ፒተር ሺልተንንም አታልሎ ሁለተኛውን አስቆጠረ። በመንገዱ ላይ ሊጥሉት የሞከሩ ነበሩ፤ ቢወድቅ ማንም በከሰሰው አልነበር። አልወደቀም። ቢወድቅ ኖሮ የቅጣት ምት ያገኝ ይሆናል፤ ያንን ግብ ግን ዓለም አያይም ነበር። የዚህን ጨዋታ ሁለት ግቦች አንድ ሰው በአራት ደቂቃ ልዩነት ማስቆጠሩን ሳስብ፣ ሰዎችን ሐቀኛና ቀጣፊ ብለን ለሁለት መክፈላችን ይከብደኛል። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጥያቄው የቱ እንዲወጣ ጨዋታው፣ ዳኛውና ተመልካቹ ይጠይቁታል የሚለው ነው።

ወደ ሀይበሪ እንመለስ፤ ያ ሜዳ ከፒሬስ ውድቀት በፊት ሌላ ታሪክም አይቷልና። ማርች 24 ቀን 1997 የሊቨርፑሉ አጥቂ ሮቢ ፋውለር ከአርሰናሉ በረኛ ከዴቪድ ሲማን ፊት ወደቀ። ዳኛው ጄራልድ አሽቢ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። ፋውለር ከመሬት ተነሥቶ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ በረኛው እንዳልነካው ለዳኛው ነገራቸው። ዳኛው ግን ውሳኔያቸውን አልለወጡም። ምቱን ራሱ ፋውለር መታው፤ ሲማን መለሰው፤ የተመለሰውን ጄሰን ማክአቲር አገባው። ሊቨርፑል 2 ለ 1 አሸነፈ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሣው ፋውለርን ለማመስገን ነው፤ ይገባዋልም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ወገኑ ነው። ለሐሰት ምስክርነት ዘወትር ክፍት የሆነው ችሎት፣ አንድ ቀን ባለጉዳዩ ራሱን የሚጎዳ እውነት ይዞ ቢመጣ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1999፣ እዚያው ሀይበሪ ላይ አርሰናል ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር በኤፍ ኤ ካፕ ተገናኘ። ውጤቱ 1 ለ 1 ሳለ አንድ የሼፊልድ ተጫዋች ተጎድቶ ስለወደቀ የክለቡ በረኛ ኳሱን ሆን ብሎ ወደ ውጭ መታው። በልማዱ መሠረት የአርሰናሉ ሬይ ፓርለር በእጅ ውርወራ ኳሱን ወደ ሼፊልድ በረኛ መለሰው። ለአርሰናል የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርግ የነበረው ናይጄሪያዊው ንዋንኩ ካኑ ግን ኳሱን ተከትሎ ደረሰበት፤ ለማርክ ኦቨርማርስ አቀበለ፤ ኦቨርማርስም አገባ። የሼፊልዱ አሠልጣኝ ስቲቭ ብሩስ በቁጣ ተጫዋቾቻቸውን ከሜዳ ሊያስወጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ዳኛው ግን ግቡን የሚሽሩበት ሕግ አልነበራቸውም፤ የተጣሰው ሕግ ሳይሆን ልማድ ነውና። ጨዋታው በአርሰናል 2 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ።

የአርሰናሉ አሠልጣኝ አርሴን ቬንገር ጨዋታው እንዳበቃ፣ እንደገና እንጫወት ሲሉ ለሼፊልድ ሐሳብ አቀረቡ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ተቀበለው። ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ተጫወቱ፤ አርሰናል ዳግመኛ 2 ለ 1 አሸነፈ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ዳኛውም አልተዋሸም፤ ካኑም ቢሆን ልማዱን ረስቶ እንጂ ሊያታልል አስቦ አልነበረም። ቢሆንም በሕግ የእነርሱ የሆነውን ድል አስቀምጠው እንደገና ለመሸነፍ ራሳቸውን አጋለጡ። እንግሊዞቹ ለዚህ ያላቸው ቃል ፍትሐዊ ጨዋታን ይመለከታል። እኛ ስፖርታዊ ጨዋነት እንለዋለን፤ የእኛው ቃል የሚጠይቀው ይበዛል። ጨዋ ሰው ዳኛ በሌለበትም የማያደርገው ነገር አለ፤ ሕግ ሳይዘው አስተዳደጉ ይይዘዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 26 ቀን 2009፣ አርሰናል በአዲሱ ሜዳው ከስኮትላንዱ ሴልቲክ ጋር ለሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ተጫወተ። አጥቂው ኤድዋርዶ ዳ ሲልቫ በረኛው አርቱር ቦሩች ፊት ወደቀ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ራሱ ኤድዋርዶ አገባው። ምስሉ ሲደገም በሁለቱ መካከል ንክኪ አልታይ አለ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ተጫዋቹን በሁለት ጨዋታ እገዳ ቀጣው፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ደግሞ ዳኛው መታለላቸው በበቂ አልተረጋገጠም ተብሎ ቅጣቱ ተነሣ። በ1999 ድላቸውን የመለሱት ቬንገር ያን ጊዜ ከተጫዋቻቸው ጎን ቆመው ተሟገቱ።

ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያከብደው፣ ኤድዋርዶ ማን እንደነበር ማስታወሳችን ነው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2008 በበርሚንግሃም ሜዳ፣ ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ የማርቲን ቴይለር እግር የኤድዋርዶን እግር ሰብሮታል። አንድ ዓመት ያህል ከሜዳ ርቆ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሰው በረኛ ሲመጣበት ከንክኪው በፊት ቢዘል፣ ውሸት ነው ወይስ ፍርሃት? የሰበረውን እግር የሚያስታውስ ሰውነት ነው ወይስ ዳኛን የሚያታልል ብልሃት? እኔ አላውቅም፤ ከእርሱ በቀር የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም። የማስመሰል ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ከፍጹም ቅጣት ምቱና ከተሰረቀው ነጥብ ይልቅ የሚከፋው፣ ብዙ ሐሰተኞች ስለወደቁ በእውነት የሚፈራውና በእውነት የሚመታው ሰው የሚያምነው ማጣቱ ነው። ሜዳ ላይ ተጋድሞ የሚጮኸውን ሁሉ "ተነሥ!" እያለ የሚጮኽ ሕዝብ፣ አንድ ቀን እግሩ በተሰበረ ሰው ላይ ይጮኻል።

ሕግ አውጪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የሀይበሪው ጨዋታ በተደገመበት በ1999፣ ዳኛን ለማታለል ማስመሰል በቢጫ ካርድ እንዲያስቀጣ በጨዋታው ሕግ ተደነገገ። በ2017 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዳኛውን አታልሎ ፍጹም ቅጣት ምት ያገኘ ወይም ተጋጣሚውን ያስባረረ ተጫዋች ከጨዋታው በኋላ በምስል ተመርምሮ ሁለት ጨዋታ እንዲታገድ ወሰነ። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ የቪዲዮ ዳኝነት ሲጀመር፣ ጁን 22 ቀን ብራዚል ከኮስታ ሪካ ስትጫወት ለኔይማር የተሰጠው ፍጹም ቅጣት ምት ዳኛው ምስሉን አይተው ሻሩት። ፕሪሚየር ሊግም ከ2019 አንሥቶ ይኸንኑ ሥርዓት ተከተለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ምናልባት ሩኒና ፒሬስ ዛሬ ቢወድቁ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር።

ሆኖም ካሜራ ንክኪን ያያል እንጂ ሐሳብን አያይም። ምስሉ በዝግታ ሲደገም ጥቂት መነካካት ሁሉ ከባድ ምት ይመስላል። በዚህም የተነሣ አዲስ ብልሃት በቅሏል፦ ምንም ሳይነኩ መውደቅ ቀርቶ፣ ትንሽ ንክኪን ፈልጎ አግኝቶ በእርሷ መውደቅ። ንክኪዋ እውነት ናት፤ ውድቀቱ ግን ሐሰት ነው። የፒሬስ እግር በ2003 ያደረገው ይህንኑ ነበር። እንዲህ ያለውን ግማሽ እውነት ለመለየት ተጨማሪ ካሜራ አይበቃም። የሚያስፈልገው፣ ተደናቅፎ ላለመውደቅ ለሚታገለው ሰው ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ነው። መቆም ዋጋ ሲያገኝ መውደቅ ገበያው ይቀንሳል።

የቀረው የእኛ የተመልካቾቹ ድርሻ ነው። እኛ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በጅቡቲም ሆነ በካምፓላ፣ ከኦልድ ትራፎርድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀን የምንቀመጥ ሰዎች በእንግሊዝ ዳኞች ላይ ሥልጣን የለንም። በአንድ ችሎት ላይ ግን ሥልጣን አለን፤ እርሱም በተቀመጥንበት ቤት ውስጥ ያለው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ከሚጫወቱት ታናናሽ ልጆች መካከል ነገ አቧራማ ሜዳ ላይ ኳስ የሚገፋ አለ። ሩኒን ስንረግምና ለፒሬስ ስናጨበጭብ ያ ልጅ የሚማረው ሕግ አንድ ነው፦ ውሸት የሚያስነውረው ተቃራኒው ሲዋሽ ብቻ ነው።

የአዛውንቱ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ያን ምሽት ልንመልስላቸው ይገባን የነበረው አጭር ነው፦ "ጋሼ፣ አምና የወደቀው የእኛ ሰው ነበር። አይተነዋል። ዝም ያልነው ግቡ ለእኛ ስለተቆጠረ ነው።"